ለምርምር ፍሪጅ ከመጠየቃችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል የምንሠራ አምስት ባለሙያዎች ነን። ታካሚዎቻችን ለምን ክትትል እንደሚያቋርጡ፣ አረጋውያኑን ደግሞ ቤታቸው ማን እንደሚንከባከባቸው ማጥናት እንፈልጋለን። የእንግሊዝ መንግሥት ‘የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ምርምር መሠረተ ልማት’ ብሎ ለሆስፒታሎች በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ እንደሚሰጥ አነበብን። የኛስ መንግሥት እንዲህ ያለ ፈንድ አለው? ካለ የት እናመልክት? ለጊዜው ማይነስ 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ የናሙና ፍሪጅ፣ ሰርቨርና አምስት ላፕቶፕ የያዘ ዝርዝር አዘጋጅተናል። የጎደለ ካለ ንገሩን።»

ምላሽ፦ ከዝርዝሩ ልጀምር። የጎደለው ሰው ነው። ፍሪጅ አለ፣ ሰርቨር አለ፣ ላፕቶፕ አለ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያየው፣ ሰርቨሩን ባክአፕ የሚያደርገው፣ የቀረውን ታካሚ ስልክ ደውሎ የሚፈልገው ሰው ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። «መሠረተ ልማት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። መንገድ፣ ሕንፃ፣ ገመድ ያስመስለዋል። በምርምር ዓለም ግን ከዕቃው ይልቅ የሚበዛው ደመወዝ ነው።

ያነበባችሁት የእንግሊዝ ነገር እውነት ነው። ምን እንደሚገዛ ግን ልብ አላላችሁትም። እዚያ ብሔራዊ የጤናና እንክብካቤ ምርምር ኢንስቲትዩት የሚባል አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ሚኒስቴሩ ነው። በ2022 ለ20 የባዮሜዲካል ምርምር ማዕከላት ለአምስት ዓመት የሚሆን 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መድቧል። ማዕከላቱ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ጥምረት ናቸው። ተወዳድረው ይገባሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ይወዳደራሉ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ገንዘብ በዋናነት ጥናት አይገዛም። ጥናት ሲመጣ ተቀብሎ የሚያካሂድ ቤት ነው የሚያቆመው፤ የምርምር ነርስ፣ የዳታ ባለሙያ፣ የስታቲስቲክስ ሰው፣ ናሙና የሚያስተዳድር ቴክኒሻን። የእያንዳንዱ ጥናት ወጪ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ከምርምር ካውንስል፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከመድኃኒት ኩባንያ። ነርሷ ግን ጥናቱ አልቆም በሥራዋ ትቀጥላለች። እኛ ጋ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ዳታ ሰብሳቢውም ይበተናል። ያሠለጠናችሁት ልጅ አዲስ አበባ አንዱ ድርጅት ውስጥ ሥራ ያገኛል፤ እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

በነገራችን ላይ የዚያ ኢንስቲትዩት ስም ውስጥ «እንክብካቤ» የሚለው ቃል የገባው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት ስሙ ጤናን ብቻ ነበር የሚጠራው፤ ምንም እንኳ የማኅበራዊ እንክብካቤ ምርምር ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2009 ቢሆንም። እዚያም ቢሆን አረጋዊን ቤት ለቤት የመንከባከብ ጉዳይ ከሆስፒታሉ ኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን በጀት በቀላሉ ካልተገኘ አትገረሙ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከአንድ ሆስፒታል አንድ ክፍል ማመልከቻ ተቀብሎ «እነሆ የመሠረተ ልማት ገንዘብ» የሚል መስኮት አትጠብቁ። ይህ ማለት ግን መንግሥት አይደግፍም ማለት አይደለም። ድጋፉ የሚመጣው በተቋም በጀት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አንዱ ነው። ሌላው የአርመር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያቆሙት ነው፤ ስሙን የወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ዞረ። በውጭ ገንዘብ ተጀምሮ በመንግሥት በጀት ስር የገባ ተቋም ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ማሳያ ነው። ሦስተኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሚኒስቴር የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ ከለያቸው ስምንቱ አንዱ ነው። ለናንተ የሚቀርበውም ይኸው ነው።

የየትኛው ሆስፒታል ሠራተኞች እንደሆናችሁ አልጻፋችሁም። ወሳኙ እሱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከሆናችሁ በራችሁ የዩኒቨርሲቲው የምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ዘርፍ ነው። በክልሉ ጤና ቢሮ ስር ባለ ሆስፒታል ከሆናችሁ ደግሞ በጀታችሁ ከሌላ ካዝና ነው የሚወጣው፤ በራችሁም የክልሉ ጤና ቢሮና የሲዳማ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናቸው። ሁለቱ መንገዶች ከተማው ውስጥ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢራራቁ ነው። በወረቀት ግን በጣም ይራራቃሉ። አንዱ የፌዴራል፣ አንዱ የክልል ነው። የክልል ሠራተኛ ሆኖ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት የሚያዋጣው ከአንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር ጋር አብሮ ማመልከት ነው። መምህሩ ዋና ተመራማሪ ይሆናል፣ እናንተ ተባባሪ። ይህ ክብር የሚነካ ነገር አይደለም። ዳታው እናንተ ጋ ነው ያለው፤ መምህሩም ያውቀዋል።

የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የምርምር ጥሪ ግን ልክ አለው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። አብዛኛው በመረጃ ሰብሳቢ አበልና በትራንስፖርት ያልቃል። ቋሚ ሰው አይቀጥርም። እንግዲህ የመጀመሪያ ጥናታችሁን ይሸፍን ይሆናል፤ ቤቱን አያቆምላችሁም።

ቤቱን የሚያቆመው መደበኛ በጀት ነው። እዚህ ላይ ስለ በጀት አንድ የሚያናድድ እውነት ልንገራችሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዕቃ ገንዘብ ማግኘት ለሰው ከማግኘት ይቀላል። ለአንድ የዳታ ባለሙያ መደብ ማስፈቀድ መዋቅር ማስከለስ ነው፤ ፐብሊክ ሰርቪስ ድረስ ይሄዳል፣ ይመላለሳል። ዕቃ ግን ጨረታ ወጥቶ ይገዛል። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተጠቀምንበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ግንቦት ሲገባ ሁሉም ሰው በጀት ለመጨረስ ይሯሯጣል። በዚያ ጥድፊያ የሚገዛው ደግሞ በአንድ ፋክቸር የሚያልቅ ትልቅ ዕቃ ነው። በየተቋሙ ኮሪደር ላይ ከነካርቶኑ የቆመ ማሽን የምታዩት ስለዚህ ነው። ያ ማሽን የሰነፍ ሰው ሥራ አይደለም፤ የሰኔ ሥራ ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ የላቦራቶሪ ምርምር አስተባብር ነበር። ማይነስ 80 ፍሪጅ ተገዛልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ፎቶ ሁሉ ተነሥተንበታል። አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ የፍሪጁ መስመር ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም ነበር። ፍሪጁ በራሱ ባትሪ መጮህ ጀመረ። ሰዓታት ጮኸ። እሑድ ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ ገባና መጥፊያውን ፈልጎ አጠፋው። ሰኞ ስንመጣ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። የ14 ወር ናሙና ቀልጧል። በብልቃጦቹ ላይ የጻፍነው ቁጥር በእርጥበት ተላቆ ቀለሙ ጣታችን ላይ ቀረ። ዘበኛውን ስንጠይቀው «ሲጮህ አደረ፤ የሚያርፍበትን ፈልጌ አሳረፍኩት» አለ። ምን ይባላል? የሚደውልበት ስልክ ቁጥር የሰጠው ሰው አልነበረም። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት የኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

ወደ ናንተ ፍሪጅ ልመለስ። አያስፈልጋችሁም። ጥያቄያችሁ ክትትል ማቋረጥና የቤት እንክብካቤ ነው። የደም ምርመራ ብትጨምሩ የምትፈልጉት የሦስት ወር የስኳር መጠን የሚያሳየውን ኤችቢኤ1ሲ፣ ምናልባትም የኩላሊት ክሬቲኒን ነው። ለኤችቢኤ1ሲ በሐምራዊ ክዳን ቱቦ የተወሰደ ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ተራ የላቦራቶሪ ፍሪጅ ለቀናት ይቆያል። በሳምንት ሁለቴ ከሠራችሁ ለዓመታት የሚያስቀምጥ ነገር አያስፈልጋችሁም። ማይነስ 80 የሚጠቅመው ናሙናውን ዛሬ ለማታውቁት የነገ ጥያቄ ስታስቀምጡ ነው። እሱ ደግሞ ሌላ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ሌላ የታካሚ ስምምነት፣ ሌላ ወጪ አለው። አሮጌ ማይነስ 80 በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስታቢላይዘር ይፈልጋል። በረዶውን የሚያራግፍለት፣ ማጣሪያውን የሚጠርግለት ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀን የግድ ናሙና ማቆየት ቢኖርባችሁ ያላቸውን ተቋማት በስምምነት ጠይቁ፤ አንድ መደርደሪያ ቦታ ይበቃችኋል።

ስለ ማሽን አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ብዙ የምርመራ ማሽኖች የሚሠሩት በአምራቹ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ብቻ ነው። ማሽኑ በዕርዳታ በነፃ ቢመጣም ሪኤጀንቱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ከ100 ብር ማዶ መሄድ ጀመረ። በፊት ለሁለት ዓመት ሪኤጀንት የተያዘ የብር በጀት ለአንድ ዓመት አልበቃ አለ። ስለዚህ ማሽን ከመቀበላችሁ በፊት የሦስት ዓመት ሪኤጀንቱን ማን እንደሚገዛ በጽሑፍ ያዙ። መልስ ከሌለ ማሽኑን አመስግናችሁ መልሱት። እንግዳን ከደጅ መመለስ ይከብዳል፤ ይሄኛው ግን በኋላ የባሰ ይከብዳል።

አሁን ወደ እውነተኛው መሠረተ ልማታችሁ ልውሰዳችሁ። ካርድ ክፍል ነው። ከመስኮቱ ማዶ የሚቆም ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርድ፣ መሰላል ላይ የወጣ ሠራተኛ፣ «ካርዴ ጠፋ» የሚል ሰልፈኛ። ካርዱ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? አዲስ ቁጥር ይሰጣል። አንዲት ዓለምነሽ የምትባል የስኳር ታካሚ በሦስት ዓመት ሦስት ቁጥር ይኖራታል። አንዱ ላይ በዐይኑ ዐ፣ ሌላው ላይ በአልፋው አ ትጻፋለች። ኮምፒዩተር ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። በናንተ ጥናት እሷ ሦስት ሰው ናት። ሁለቱ «ክትትል አቋርጠዋል»። እሷ ግን በየወሩ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው።

ዕድሜውም እንደዚሁ ነው። አዛውንቷን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብትሏቸው «ንጉሡ ሲወርዱ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር» ይላሉ። ጸሐፊው 65 ብሎ ያልፋል። የመዝገባችሁን ዕድሜ ቆጥራችሁ እዩት። 60፣ 65፣ 70 ተከምረው 63 እና 67 የሚባል ሰው የለም ማለት ይቻላል። አረጋውያንን ለሚያጠና ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የታሪክ ክስተቶችን ከነዓመታቸው የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ ነው። ንጉሡ የወረዱት በ1967 መስከረም ነው፤ ያኔ ሁለት ልጅ የነበራት ሴት ዛሬ ከ70 አትርቅም።

«በጤናው ዘርፍ የሪፖርት ሥርዓት፣ በዲኤችአይኤስ2 ላይ ዳታ አለን» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንደሚኖር እገምታለሁ። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ከሆስፒታላችሁ ወደዚያ ሥርዓት የሚሄደው የወር ድምር ነው። ጥር ላይ ስንት የስኳር ሕመምተኛ እንዳያችሁ ይነግራችኋል። ጥር ላይ ከመጡት መጋቢት ላይ እነማን እንደቀሩ ግን አይነግራችሁም። የናንተ ጥያቄ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ድምር ለዕቅድ ነው፤ ክትትል የሰው በሰው መዝገብ ይፈልጋል።

«አቋረጠ» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁት። ከክትትል የጠፋ ሰው ሞቶ ይሆናል። ይርጋለም ዘመድ ጋ ሄዶ ይሆናል። ሰፈሩ ጤና ጣቢያ መከታተል ጀምሮ ይሆናል። ሆስፒታል ተሰልፎ ከመዋል ብሎ ከግል ፋርማሲ በዚያው የድሮ ወረቀት እየገዛ ይሆናል። አራቱም መዝገባችሁ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። የሞተውን ሰው «ስለ መድኃኒቱ ግንዛቤ አልነበረውም» ብሎ የሚደመድም ጥናት ስንት አንብቤያለሁ! ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የታካሚውን ስልክ፣ የአንድ ቤተሰብ ስልክ፣ የቀበሌውንና የቤቱን ምልክት መዝግቡ። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር» የሚለው በሐዋሳ ከቤት ቁጥር የበለጠ ያደርሳል። ደውሎ የሚፈልግ ሰውም መድቡ። ይሄ ነው መሠረተ ልማት ማለት።

ሰውን በሰው መከታተል ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ሲመዘግብ ኖሯል። ልደት፣ ሞት፣ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ፣ ሁሉም በቤት ቁጥር ይያዛል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ ምክንያቱን የመገመት ዘዴም አለ። በኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ፣ የጅማው ግልገል ጊቤ ላይ፣ የሐረማያው ቀርሳ ላይ ተመሳሳይ ጣቢያ አቁመዋል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ዋጋው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ገንዘብ ሰጪ ብዙ ጊዜ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ነው የሚሰጠው። መዝገብ ደግሞ አንድ ዓመት ከተቋረጠ በዚያ ዓመት የሞተውን ማንም አያስታውሰውም። ከመንግሥት መጠየቅ የሚገባው ዋናው ነገር ይህ አለመቋረጥ ነው። ፕሮጀክት ሊሰጠው የማይችለውም እሱን ነው።

የማኅበራዊ እንክብካቤው ክፍል ከበድ ይላል። እኛ ጋ አረጋዊን የሚንከባከብ ደመወዝተኛ ብርቅ ነው። ኢንሱሊን የምትወጋው ምራት ናት፣ ወይም የሰባተኛ ክፍል የልጅ ልጅ። ይህ ሥራ የትም አይመዘገብም። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር አለ፣ የጤና መዋቅር አለ፤ ሁለቱ ያንን አንድ ቤት በተለያየ መዝገብ ነው የሚያዩት። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደር አላቸው። ሐዋሳ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ስለሆነች ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ስም ዝርዝርም ይኖራል። ፈተናው ቀላል መስሎ እዚህ ላይ ነው የሚያጠምደው። የሴፍቲኔት ዝርዝር የሚይዘው በጣም ድሃ ተብለው የተለዩትን ነው። ከሱ ብቻ ናሙና ወስዳችሁ «የሐዋሳ አረጋውያን» ብትሉ ስህተት ነው። ጡረተኛው መምህር፣ ልጁ ዱባይ ሆና ብር የምትልክለት አባት፣ እዚያ ውስጥ የሉም። ከናንተ የክትትል መዝገብ ጀምሩ፤ ዝርዝሩን ለማነጻጸሪያ ብቻ ተጠቀሙበት።

እድርስ? እድር በየሰፈሩ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ከቀበሌ ቀድሞ ያውቃል። የጠፋ ታካሚ ለመፈለግ ዳኛውን ማማከር ይጠቅማል። የእድር መዝገብ ግን የአባላቱ ነው። «ፎቶ ላንሣው» ተብሎ አይወሰድም። ደግሞም የእድሩን ጸሐፊ ነፃ ዳታ ሰብሳቢ አታድርጉት። የድካሙ ዋጋ በጀታችሁ ውስጥ ይግባ። የታካሚውን ሕመም ለእድር መንገርማ ጨርሶ አይቻልም፤ «ፈልገነው ነበር» ከማለት አትለፉ።

ይህ ወደ ፈቃድ ያመጣናል። ብዙ የሆስፒታል ባልደረቦች «ታካሚዎቹ የኛ ናቸው፣ ካርዱ የኛ ነው» ብለው ያለ ሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ይጀምራሉ። ለሕክምና የተሰበሰበ መረጃ ለምርምር ሲውል ሌላ ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከክልሉ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ውሰዱ። ከዚያ የትብብር ደብዳቤ ይጻፍላችኋል። ጥናታችሁ አዲስ መድኃኒት የሚሞክር ከሆነ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ ሳይደርስ አይጀመርም፤ የናንተው ግን እዚያ አያደርስም። ከ2016 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በዚህ ሕግ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት የመረጃ ዓይነቶች አንዱ ነው። የታካሚ ስም ያለበት ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ መላላክ ከእንግዲህ ነውር ብቻ አይደለም። ፍላሽ ላይ ይዞ ኢንተርኔት ቤት ማተምም እንደዚሁ።

ሰርቨር ስለጠየቃችሁ፣ እሱንም ለጊዜው ተዉት። ለእንዲህ ያለ መዝገብ ሬድካፕ የሚባለው ሶፍትዌር ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ለተቋም ነው፤ የሚያስተዳድረው የአይቲ ሰውም ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ካለው በስምምነት ተጠቀሙ። የናንተ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ግን አቧራና የመብራት መቆራረጥ ነው ትርፉ። ለሜዳ ሥራ ኦዲኬ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ በተራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። ከአምስቱ ላፕቶፕ ሁለቱ ይበቃሉ።

ስለ ውጭ ገንዘብም ልበል፤ የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ከዚያ ስለነበር። ከላይ ያልኩት የእንግሊዝ የመሠረተ ልማት ገንዘብ ለእንግሊዝ የጤና ተቋማት ነው፤ እናንተ አታመለክቱበትም። ያው ኢንስቲትዩት ከእንግሊዝ የውጭ ዕርዳታ የሚሸፈን ዓለም አቀፍ የጤና ምርምር ዘርፍ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሱ ተጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ነው። በሱ በኩል ትብብር ማግኘት ይቻላል። ግን ዕርዳታው ራሱ እየቀጠነ ነው። እንግሊዝ ከአገራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ትሰጥ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 0.5 አወረደች፤ በ2027 ወደ 0.3 ለማውረድ ወስናለች። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ በ2025 ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ ደመወዝን በውጭ ገንዘብ ላይ ማሰር ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጣሪያ መሥራት ነው። የውጭ ገንዘብ ለአንድ ጥናት ይሁን። ሰው ግን በመንግሥት መደብ ይያዝ።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? የዕቃ ዝርዝሩን ቀድዳችሁ ጣሉት። በምትኩ ለሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ ሁለት ገጽ ጻፉ። መጀመሪያ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ አንድ የዳታ ባለሙያ መደብ፤ እስኪፈቀድ ድረስ ካሉት ሠራተኞች አንዱ በውክልና እንዲሠራ። ሁለተኛ ከመካከላችሁ አንዷ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ተረኛ ሳትሆን የጠፉ ታካሚዎችን እንድትፈልግ በደብዳቤ እንዲፈቀድላት። ሦስተኛ የስልክ ካርድ፣ የኤችቢኤ1ሲ ሪኤጀንትና የመዝገብ ወጪ። ሆስፒታሉ ከሚሰበስበው የውስጥ ገቢ ላይ ቦርዱ ማዘዝ ስለሚችል ሦስተኛውን ከዚያ ጠይቁ፤ የገንዘብ ሚኒስቴርን በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ደግሞ አንድ የመግባቢያ ሰነድ፤ እነሱ ሥነ ምግባርና ስታቲስቲክስ፣ እናንተ መዝገብ።

ለቦርዱ ስትጽፉ «ምርምር» በሚለው ቃል አትጀምሩ። የቦርድ አባል «ምርምር» ሲባል የመምህራን ዕድገት ይመስለዋል። ስንት ታካሚ እንደጠፋ ንገሩት። ካለፈው ዓመት መዝገብ ሃምሳ ካርድ ብቻ አውጥታችሁ እናንተው ደውሉ። ከሃምሳው ስንቱ ሞቶ፣ ስንቱ ሌላ ጋ ሄዶ፣ ስንቱ በእርግጥ አቋርጦ እንደተገኘ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ። ይህ ሆስፒታሉ ለራሱ አገልግሎት የሚያደርገው ክትትል ስለሆነ በሜዲካል ዳይሬክተሩ ፈቃድ ይጀመራል። ለኅትመት ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ግን ቀድሞ ሥነ ምግባር ቦርዱን ጠይቁ።

ሰዓቱንም አትርሱ። የቀጣዩ ዓመት የበጀት ጥሪ የሚመጣው በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ግድም ነው። ሰኔ ላይ የሚመጣ የመደብ ጥያቄ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ሃምሳው ስልክ ከታኅሣሥ በፊት ይደወል። ከዚያ በፊት ግን የካርድ ክፍሉን ኃላፊ ቡና ጋብዙና ሠንጠረዡን አሳዩት። አንድ ሰው ሦስት ቁጥር የሚይዝበትን ምክንያት ከሁላችሁም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።